የሞተ የማይበሉ ዓሦች

ህዝቅያስ የሞተው በገዛ ዓሦቹ ፊት ነው።

ማክሰኞ ጠዋት፣ ከኦክላንድ ወደብ ጀርባ፣ ኮንቴይነር የተሸከሙ ትራኮች ሰልፋቸው በማይቋረጥበት መንገድ ዳር ባለ አሮጌ መጋዘን ውስጥ በደረቱ ተደፍቶ ተገኘ። ፊቱ ወደ በሩ ዞሯል፤ ግራ እጁ ወደፊት ተዘርግቷል። የሸሚዙ ቀኝ እጅጌ እስከ ትከሻው ድረስ ረጥቦ ደርቆ፣ ጨው በጨርቁ ላይ ነጭ መስመር ሠርቶበታል። ቀኝ እጁ አብጦ የእሱ አይመስልም። ከበላዩ በአንድ ትልቅ የመስታወት ገንዳ ውስጥ ስድስት አንበሳ ዓሦች፣ ቀይና ነጭ ዝንጉርጉር አካላቸውን እያወዛወዙ፣ እሾሃማ ክንፎቻቸውን እንደ ጋማ ዘርግተው ይንሳፈፋሉ።

ፅጌረዳ የካውንቲው አስተዳደር የሞት መርማሪ ናት። ሰው ሳይታሰብ ሲሞት፣ እንዴትና ለምን እንደሞተ የምታጣራው እሷ ናት። በካርቱም በኩል ስደተኛ ሆና ከመጣች ዘመን አልፏል፤ አብዛኛውን ያሳለፈችው ሬሳ አጠገብ ተንበርክካ ነው። ባልደረቦቿ አንድ ልማዷን ያውቃሉ። መጀመሪያ የምታየው ሬሳውን አይደለም፤ ክፍሉን ነው።

በሩ ላይ የቆመው ፖሊስ ነገሩን ጨርሶ ነበር የጠበቃት።

«ግልጽ ነው፤» አላት። «ዓሣ ተመራማሪ ነው፤ ምርምሩን የሚሠራው እዚህ ነው። እነዚህ ዓሦች መርዛም ናቸው። ከዚህ በፊት አንዴ ተወግቶ ሊሞት ነበር አሉ፤ አለርጂ አለበት። ሊመግባቸው እጁን ከተተ፣ ወጉት፣ ትንፋሹ ተዘጋ። መርፌው ጋ ሳይደርስ ወደቀ።»

እውነትም ከበሩ አጠገብ ግድግዳው ላይ ነጭ ሣጥን ተሰቅሏል። በውስጡ የአለርጂ መርፌ አለ፤ አልተነካም። ጠረጴዛው ላይ ከፍሪዘር ወጥቶ የቀለጠ ሽሪምፕ በሳህን ተቀምጧል፤ ከአጠገቡ ረጅም መቆንጠጫ አለ። ሽሪምፑ መሽተት ጀምሯል። ከገንዳው ጎን፣ መንጠቆ ላይ፣ እስከ ብብት የሚደርስ ወፍራም የጎማ ጓንት ተንጠልጥሏል። ፅጌረዳ ጓንቱን ገልብጣ ዳሰሰችው። ደረቅ ነው፤ ጨው እንኳ የለበትም።

ከዚያ ወደ ሬሳው ጎንበስ አለች። መርፌ የወጋው የሚመስሉ ቀዳዳዎች ተደርድረዋል፤ መዳፉ ላይ ግን አይደለም፣ በእጁ ጀርባ ላይ ነው። የጣቶቹ አንጓዎች ተልጠዋል። እጅጌውን በመቀስ ቀድዳ ስትገልጠው፣ ከክርኑ በላይ የበለዘ ነገር አየች። ለፖሊሱ ምንም አላለችውም።

ብድግ ብላ ፊቷን ወደ መስታወቱ ስታስጠጋ፣ ዓሦቹ አንድ በአንድ ወደ እሷ መጡ። ክንፋቸውን ዘርግተው ከፊቷ ተሰለፉ።

ሬሳውን ያገኘችው ብሩክታዊት ውጭ፣ የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ነበር። የህዝቅያስ የሥራ ባልደረባ ናት። ሳን ሆዜ ነው ያደገችው፤ አማርኛ ሁሉንም ትሰማለች፣ ሲጨንቃት ግን አፏን ይይዛታል።

«ዓሦቹ ለምንድን ነው ወደ እኔ የመጡት?» አለቻት ፅጌረዳ ከአጠገቧ እየተቀመጠች።

«ርቧቸው ነው። ጠዋት ሊነጋ ሲል እና ማታ ሊመሽ ሲል ነው የሚያድኑት። መብራቱን እንደዛ ነው ፕሮግራም ያደረግነው፤ በራሱ ይደበዝዛል። ሆዳቸውን አዩት? ፍላት ነው፣ ጠፍጣፋ። ሲበሉ እንደ ፊኛ ነው የሚሆነው። ትናንት ማታም አልበሉም፣ ዛሬም አልበሉም።»

«ሲያድኑ በእሾሃቸው ነው የሚወጉት?»

«ኖ፣ ኖ። ሁሉም ሰው እንደዛ ነው የሚያስበው።» እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «እሾሁ ለመከላከያ ብቻ ነው። ሲያድኑ ክንፋቸውን ይዘረጉና ትንሿን ዓሣ ጥግ ያስይዟታል። ፊቷ ላይ ውሃ እፍ ይሉባታል። እሷ ምንድን ነው ብላ ዞር ስትል በጭንቅላቷ በኩል ይውጧታል። በቃ። አትላንቲክ ውስጥ ደግሞ እንግዳ ናቸው፤ ከህንድ ውቅያኖስ ሰው ነው ያመጣቸው። እዛ ያሉት ትንንሽ ዓሦች አያውቋቸውም። ጠላት መሆናቸውን አያውቁም፣ ስለዚህ አይሸሹም። ህዝቅያስ ሁሌ እሱን ነበር የሚለው፤ ‹አለመሸሻቸው ነው የሚያሳዝነኝ›።»

«ታዲያ ሰው የሚወጉት መቼ ነው?»

«ሰው ሲነካቸው። መውጫ ሲያጡ። ጀርባቸውን ያዞሩብዎታል።»

«ሽሪምፑን ያወጣው ማነው?»

«ምን ሽሪምፕ?»

«ጠረጴዛው ላይ ያለው።»

ብሩክታዊት ግራ ገባት። «እነዚህ እኮ ሽሪምፕ አይበሉም። ድሮ የነበሩት ይበሉ ነበር፤ ለምደው ነበር፣ በመቆንጠጫ ነበር የምንሰጣቸው። እነሱን ለሌሎች ሰጥተናቸዋል። እነዚህ ከፍሎሪዳ ከመጡ ሁለት ሳምንታቸው ነው፤ ከባሕር ነው የተያዙት። የማይንቀሳቀስ ነገር ለነሱ ምግብ አይደለም። የሞተ አይበሉም። ከነሕይወቱ ትንንሽ ዓሣ ነው የምንሰጣቸው። ድንጋዩንም ለነሱ ብለን ነው ያስገባነው፤ ቀን ቀን ከሥሩ ይደበቃሉ። በፊት ገንዳው ውስጥ ድንጋይ አልነበረም።»

«ቁልፉ ያለው ማን ማን ጋ ነው?»

«በሩ በኮድ ነው። እኔ አውቀዋለሁ፣ ሚስቱ ሐኒ ታውቀዋለች፣ ፋሲልም። ዘመዱ ነው። በፊት ሦስታችንም እየተቀያየርን እንመግብ ነበር።»

«አሁንስ?»

«ሐኒ መምጣት ትታለች። ፋሲልም... እሱ ሚስቱን ወስደውበታል።»

ለቅሶው ቤት ቴሜስካል ሰፈር አቅራቢያ ነው። ሰው እስከ ደረጃው ድረስ ተቀምጧል። ሐኒ የሆስፒታል ነርስ ናት፤ ፅጌረዳን ወደ መኝታ ክፍል አስገብታ በሩን ዘጋችው። ለቅሶው ድምፅዋን ወስዶታል።

«ሰኞ ከቀትር በኋላ ሥራ ገብቼ ጠዋት ነው የወጣሁት፤» አለች። «አልደወለልኝም። እኔም አልደወልኩለትም። ተኳርፈን ነበር። ማን ይቅደም እያልን ስንጠባበቅ... ብደውል ኖሮ ዝም ሲል አንድ ነገር ሆኗል እል ነበር። ነርስ ነኝ እኮ እኔ።»

«በምን ተኳረፋችሁ?»

«ቤት የለውም። ወይ ዓሣዎቹ ጋ ነው፣ ወይ የሳሌምን ጉዳይ ይዞ ጠበቃ ጋ ነው። ሳሌም የፋሲል ሚስት ናት። ቪዛዋ አልፎባት ነበር፤ በፀደይ የኢሚግሬሽን ሰዎች መጥተው ከቤቷ ወሰዷት፣ ወደ አዲስ አበባ መለሷት። ዩኒየን ሲቲ ያለውን አፓርትመንት ያገኘላቸው ህዝቅያስ ነው፤ ገና መግባታቸው ነበር። አድራሻውን የሚያውቅ ሌላ ሰው የለም ተባለ። እና ሰው ህዝቅያስ ጠቆመ አለ። በቤተ ክርስቲያን ደጅ ሰላም ሲለው ፊቱን የሚያዞርበት ሰው ነበር።»

«ጠቁሞ ነበር?»

ሐኒ ቀና ብላ አየቻት። «እኔ አይደለም ብል ማን ያምነኛል? ሚስቱ ነኝ።»

«ፋሲልስ ምን አለ?»

«የአንድ አክስት እጅ ያሳደጋቸው ናቸው፤ ወንድማማች ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ግን ስልኩን አያነሳም። መጋዘኑንም ረግጦት አያውቅም።» የፅጌረዳን እጅ ያዘች። «እርስዎ የሀገሬ ሰው ነዎት። አደጋ ነው ይበሉልኝና ልቅበረው። ሌላ ነገር ቢኖርስ ምን ያደርግልኛል?»

ፅጌረዳ እጇን አላስለቀቀችም። ከለቅሶው ቤት ወጥታ መጀመሪያ የደወለችው ሆስፒታሉ ጋ ነው። ሐኒ ሰኞ ማታ ከሥራ ክፍሏ አልወጣችም ነበር፤ አብረዋት የሠሩት ሁለቱም ነርሶች ያንኑ ተናገሩ።

ፋሲል በወደቡ ትራክ ነው የሚነዳው። በስልክ ስታገኘው፣ ልጁን ከትምህርት ቤት በሚያነሳበት ሰዓት ዩኒየን ሲቲ ላግኝዎት አላት። ሰፊ ትከሻ ያለው፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሰው ነው። ጺሙን ከተላጨ ሰንብቷል። የልጅቷ ፀጉር ግን ተሠርቷል፤ መስመሩ ቢጣመምም፣ አባት የሠራው መሆኑ ቢያስታውቅም፣ ተሠርቷል።

«ኢየሩስ፣ ሰላም በያቸው።»

«ሃይ፤» አለች ልጅቷ። ስድስት ዓመት ቢሆናት ነው። የፊት ጥርሷ ወልቋል።

ፋሲል የኋላውን በር ከፍቶ ቀበቶዋን ሲያስርላት ፅጌረዳ ከጎኑ ቆመች።

«እግዜር ያጽናህ።»

«አሜን። ወንድሜ ነበር። ብንጣላም ወንድሜ ነው።»

«መጋዘኑ የሄድከው መቼ ነው?»

«ሳሌም ከተወሰደች ወዲህ አልሄድኩም። እዚያ የነበሩትን ዓሦች እመግብለት ነበር በፊት።» ቀበቶውን ጠቅ አድርጎ ቆለፈ፣ ቀና ሳይል። «እኔን የሚገርመኝ፣ ልክፍት ነው እንዴ? እንደሱ የሚያውቃቸው ሰው የለም። ምን ሊያደርግ ነው እጁን ከድንጋዩ ሥር የከተተው?»

ልጅቷ በመስኮቱ በኩል ምላሷን በወለቀው ጥርሷ ቦታ አውጥታ አሳየቻት፤ ልታስቃት ፈልጋ ነው። ፅጌረዳ ሳቀችላት።

«ዘመድ አላችሁ እዚህ?» አለችው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«ህዝቅያስና ሐኒ ነበሩ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም። እኔና እሷ ነን።»

መኪናው ከሄደ በኋላ ፅጌረዳ በአቅራቢያው ባለ የባቡር ጣቢያ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ተቀመጠች። የሬሳ ምርመራው ውጤት በስልክ ደርሷት ነበር፤ ሰውየው የሞተው ሰኞ ምሽት ነው፣ የገደለው መርዙ ያስነሳበት አለርጂ ነው። አለቃዋም «አደጋ ብለሽ ብትዘጊው የሚጠይቅሽ የለም» ብሏት ነበር፤ እውነቱን ነው። ሟቹ አይነሳም። ሚስቱ አትፈልግም። እናቲቱ ባሕር ማዶ ናት፣ አባትየውን ደግሞ ከወሰዱት ልጅቷ ለማን ናት? ዝም ማለት እንደዚያን ቀን ቀላል ሆኖላት አያውቅም። ነገር ግን ዓይኗን በጨፈነች ቁጥር ያ የተዘረጋ እጅ ይመጣባታል። መርፌውን ሊያነሳ አልነበረም የተዘረጋው፤ ሣጥኑ ያለው ከበሩ በስተቀኝ ነው፣ እጁ ያመለከተው ወደ በሩ መሐል ነው። ሰው የሚቆምበት ቦታ ላይ ነው። ህዝቅያስ እጁን የዘረጋው ለሰው ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት ሦስቱንም መጋዘኑ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። የመጀመሪያው ቀን ፖሊስ በሩ አጠገብ ቆሟል። ሐኒ ጥቁር ነጠላዋን አጣፍታ ግድግዳውን ተደግፋለች፤ ዓሦቹን ላለማየት ፊቷን አዙራለች። ብሩክታዊት ከገንዳው ጎን፣ ፋሲል ከጠረጴዛው ወዲህ። ፅጌረዳ መብራቱ እንዲደበዝዝ አደረገች፤ ዓሦቹ ከድንጋዩ ሥር እየተንሳፈፉ ወጡ።

«የምነግራችሁ ነገር ማንንም አያሳርፍም፤» ብላ ጀመረች። «ቢሆንም መነገር አለበት።»

በመቆንጠጫው አንድ ሽሪምፕ አንስታ ውሃው ውስጥ ጣለች። ሽሪምፑ እየተንከባለለ ወረደ። አንደኛው ዓሣ በአጠገቡ አለፈ፣ እንደ ድንጋይ ቆጥሮት። ሌላውም አለፈ። ሽሪምፑ አሸዋው ላይ አረፈ።

«ብሩክታዊት፣ አሁን አንቺ።»

ብሩክታዊት በትንሽ መረብ አንዲት ብርማ ዓሣ ለቀቀች። ትልቁ አንበሳ ዓሣ ክንፉን ዘረጋ። ቸኩሎ አልሄደም። ዓሣዋን ወደ መስታወቱ ጥግ ገፋት፤ አፉን ወደ እሷ አድርጎ ውሃ እፍ አለባት። ዓሣዋ ዞር አለች። ከዚያ አልነበረችም።

«እሾሁ ከአደኑ ውስጥ የለበትም፤» አለች ፅጌረዳ። «ስለዚህ ‹ሲመግባቸው ወጉት› የሚለው አይሆንም። ሲርባቸው በአፋቸው ይመጣሉ እንጂ በጀርባቸው አይመጡም። እሺ፣ ሊይዛቸው ፈልጎ ነው እንበል። ዓሣ የሚይዝ ሰው መዳፉን ነው የሚወጋው። ህዝቅያስ የተወጋው በእጁ ጀርባ ነው። አንጓዎቹም ተልጠዋል። እዚህ ገንዳ ውስጥ አንጓ የሚልጥ ነገር ያ ድንጋይ ብቻ ነው። ዓሦቹ ቀን ከሥሩ ይደበቃሉ፤ መውጫ የላቸውም። እጁ እዚያ ውስጥ ነው የገባው፣ መብራቱ ሳይደበዝዝ፣ ከአደን ሰዓታቸው በፊት።»

«እሱ እጁን እዛ አይከትም፤» አለች ብሩክታዊት። «ኔቨር።»

«ቢከት ኖሮ ጓንቱን ያጠልቅ ነበር። ጓንቱ ደረቅ ነው። እጅጌውንም ይሰበስብ ነበር፤ እስከ ትከሻው በስብሷል። ከክርኑ በላይ ደግሞ የሰው ጣቶች በልዘው ታትመዋል። አራቱ በአንድ በኩል፣ አውራ ጣቱ በሌላ በኩል። ሰው ይዞ ነው የከተተው።»

ሐኒ ከግድግዳው ተነሳች። «ማን?»

«ሽሪምፑን ያወጣው ሰው። ሟቹ ሊመግብ ሲል እንደሞተ እንዲመስል ሳህንና መቆንጠጫ አዘጋጀ። ብልህ ነገር ነው፤ ግን እነዚህ ዓሦች የሞተ አይበሉም። ህዝቅያስ ያውቃል፣ ብሩክታዊት ታውቃለች። ያላወቀው የድሮዎቹን ዓሦች የመገበ፣ አዲሶቹን ያልመገበ ሰው ነው። እንዲህ ዓይነቶቹ ሁለት ናችሁ። ሐኒ አንቺና ፋሲል።»

«እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ፤» አለች ሐኒ።

«ነበርሽ። አጣርቻለሁ።» ፅጌረዳ ወደ ፋሲል ዞረች። «ድንጋዩ የገባው ከአዲሶቹ ዓሦች ጋር ነው። አንተ በነበርክበት ጊዜ ገንዳው ድንጋይ አልነበረበትም። እንዴት እንደተወጋም ለማንም አልተናገርኩም። አንተ ግን ልጅህን ስታስር፣ እጁን ከድንጋዩ ሥር ምን ሊያደርግ ከተተ ብለህ ጠየቅኸኝ።»

ትራክ ሲያልፍ መጋዘኑ ተንቀጠቀጠ። ፋሲል እጆቹን ጠረጴዛው ላይ አሳርፎ አያቸው።

«ደወለልኝ፤» አለ በመጨረሻ። «የዚያን ቀን አነሳሁለት። ና፣ ጠበቃው አንድ ነገር አግኝቷል አለኝ። ኢየሩስ መኪና ውስጥ ተኝታ ነበር፤ ቶሎ እወጣለሁ ብዬ ተውኳት። ገባሁ። እንዲህ አለኝ፤ ሳሌምን ማንም አልጠቆማትም። የመጡት ከእናንተ በፊት ቤቱን ተከራይቶ የነበረውን ሰውዬ ፈልገው ነው። እሷ በሩን ከፈተች። ወረቀት ጠየቋት። ይኸው ነው አለኝ።»

«እውነቱን ነው፤» አለች ሐኒ። ድምፅዋ እንደ ሹክሹክታ ነበር። «ጠበቃው እኔንም በስልክ ነግሮኛል። አንተ ግን ስልክህን አታነሳም።»

«አላመንኩትም። ማመን አልቻልኩም። ስንት ወር ሙሉ ያደርኩት እሱን እየረገምኩ ነው። ማንም አላደረገውም ስትለኝ... በር ስለከፈተች ብቻ? ለማን ነው የምቆጣው? ስም አምጣ አልኩት። ክንዱን ያዝኩት። ከድንጋዩ ሥር ከተትኩት፤ ትናገራለህ አልኩት። ላስፈራራው ነበር።»

«አለርጂውን ታውቅ ነበር፤» አለች ፅጌረዳ።

«አውቅ ነበር። ድሮ ሲወጋ ሆስፒታል ያደረስኩት እኔ ነኝ።» ዓይኑን ጨፈነ። «ወደቀ። መርፌውን ስጠኝ አለኝ። በሩ ላይ ቆሜ ነበር፣ እጄን ብዘረጋ እደርስበት ነበር። መጀመሪያ ስሙን ንገረኝ አልኩት። ስጠኝ አለ። ስሙን አልኩት። የሚነግረኝ ስም አልነበረውም። ከዚያ መናገር አቃተው። እጁን ወደ እኔ ዘረጋ፤ እኔ የሚዋሽ መስሎኝ ቆሜ አየሁት።»

ብሩክታዊት ፊቷን በእጆቿ ሸፈነች።

«ሽሪምፑንስ?» አለች ፅጌረዳ።

«ሲያልቅ ነው የነቃሁት። ልጄ ውጭ ተኝታለች። እኔን ከወሰዱኝ ማን አላት አልኩ። ከፍሪዘሩ አውጥቼ አስቀመጥኩት። ሌላ ያሰብኩት ነገር የለም።»

ሐኒ ወደ እሱ ሄደች። ሁሉም ትመታዋለች ብለው ነበር። አልመታችውም። ከፊቱ ቆመች።

«እንጀራዬን አብረኸኝ በልተሃል፤» አለችው። «ለአንተ ሲል ነው እኔን ቤት ትቶ ጠበቃ ቤት የሚያመሸው። ለአንተ ሲል ነው የተኳረፍነው። እኔ እንኳ ሳልታረቀው ሞተ።»

ፖሊሱ ጠጋ ብሎ የፋሲልን እጆች ወደ ኋላ አሰረ። ስልኩንና የመኪና ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ፋሲል አልተቃወመም።

«ኢየሩስ ጎረቤት ጋ ናት፤» አለ። «ሳይመሽ እመጣለሁ ብያታለሁ። ሐኒዬ...»

«ወደ እኔ አትመልከት።»

«ሌላ ሰው የላትም። በህዝቅያስ...»

«ስሙን አትጥራ!» ነጠላዋን ሰብስባ ወጣች። በተከፈተው በር መኪናዋ ውስጥ ስትገባ፣ በሩን ስትዘጋ፣ መሪውን ይዛ ስትቀመጥ ታየች። ሞተሩን ግን አላስነሳችም።

ፋሲልን ወሰዱት። ብሩክታዊት መብራቱን መልሳ አበራችና ዓሦቹ ወደ ድንጋዩ ሥር እስኪገቡ ቆማ ጠበቀች። ሬሳውን ካገኘች ጀምሮ ደጋግማ ያሰበችውን በእንግሊዝኛ ተናገረች፤ እነዚህን ከዛሬ በኋላ የሚይዛቸው የለም፣ መግደል ሊኖርብን ነው። ልጅ ያለ አሳዳጊ ስትቀር የሚደወልበትን የካውንቲ ቁጥር ታውቀዋለች፤ በሥራዋ ብዙ ጊዜ ደውላዋለች። ስልኳን አውጥታ ቁጥሩን ጻፈች፣ ግን አልደወለችም። ውጭ ወደ ቆመችው መኪና አየች። ሐኒ ግንባሯን መሪው ላይ አስደግፋለች።

ያኔ የፋሲል ስልክ ጠረጴዛው ላይ ጠራ።

በስክሪኑ ላይ አንዲት ሴት ትስቃለች፤ ጭኗ ላይ ገና ጥርሷ ያልወለቀ ኢየሩስ ተቀምጣለች። ከሥሩ «ሳሌም» ይላል። አዲስ አበባ ላይ አሁን እኩለ ሌሊት አልፏል። ስልኩ ጠርቶ ጠርቶ ዝም አለ። ወዲያው እንደገና ጠራ። ብሩክታዊት ወደ ኋላ አፈገፈገች።

ፅጌረዳ አነሳችው።

«ሄሎ።»

ከወዲያ ማዶ በፍርሃት የቀጠነ የሴት ድምፅ፣ «ፋሲል የለም? ማን ልበል?» አለ።

«ፅጌረዳ እባላለሁ። ከካውንቲው ነው።»

«ካውንቲ?» ትንፋሿ ይሰማል። «ልጄ ምን ሆነች?»

«ልጅሽ ደህና ናት፤» አለች ፅጌረዳ። «እሷ ደህና ናት።»

ሳሌም የሚቀጥለውን ጠበቀች። ፅጌረዳ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ፣ ሐኒ ወደ ተቀመጠችበት መኪና መራመድ ጀመረች።